ክብደት እንዳይቀንስ የሚይዙ ምግቦችና መጠጦች፦ ከእንጀራው በፊት ብርጭቆውን እንመልከት



ከወልድያ እስከ መርሳ፣ ከመርሳ እስከ ግራና «ክብደት ቀንሱ» የሚለው ምክር ከጤና ባለሙያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሌላ ወሬ ጋር ነው። ወይ ደም ግፊቱ ከፍ ብሏል፣ ወይ ስኳሩ ጀምሯል፣ ወይ ጉልበት አልሸከም ብሏል። ምክሩን የሰማው ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያደርገው ደግሞ ከሌላው አይለይም። እንጀራ ይቀንሳል፣ ቁርስ ይተዋል፣ ሥጋ እርም ይላል። ሁለት ሦስት ወር ራሱን ቀጥቶ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ቁጥሩ ያው ነው። «እኔ ውሃ ብጠጣም እወፍራለሁ» ይልና ተስፋ ቆርጦ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ውሃ ማንንም አያወፍርም። ውሃው ውስጥ የገባው ነገር ግን ያወፍራል። በአካባቢያችን ክብደት ለመቀነስ የሚለፋውን ሰው ይዞ የሚያስቀረው በአብዛኛው ትሪው ላይ ያለው ሳይሆን እንደ ምግብ የማንቆጥረው ነው፤ ሻዩ፣ ቀሪቦው፣ ብርዙ፣ ጁሱ፣ ለስላሳው፣ ድስቱ ውስጥ የፈሰሰው ዘይት፣ ከቡናው ጋር የሚቆረጠመው። ይህ ጽሑፍ ስለ እነዚህ ነው።

ይህ ምክር ለማን ነው?

አስቀድሞ አንድ ነገር መነገር አለበት። ወሎ የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ አገር ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ወልድያና መርሳ በጦርነት ውስጥ ሲከርሙ ብዙ ቤት የሚላስ የሚቀመስ አጥቶ ነበር። እዚህ አገር «ወፍረሃል» ማለት «ተመችቶሃል» ማለት የሆነው በከንቱ አይደለም። ዛሬም ቢሆን ከክብደት መቀነስ ይልቅ መጨመር የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት አይደለም።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ የኢትዮጵያ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባቸው በላይ ከሲታ ነበሩ፤ ከመጠን በላይ የወፈሩት ደግሞ 8 በመቶ። ሁለተኛው ቁጥር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በ1992ቱ ተመሳሳይ ጥናት 3 በመቶ ብቻ ነበር። በከተማ ደግሞ ከአምስት ሴቶች አንዷ ገደማ ከመጠን በላይ ክብደት ነበራት። ስለዚህ አንድ ሰፈር ውስጥ፣ አንዳንዴም አንድ ቤት ውስጥ፣ የከሳና የወፈረ ሰው አብረው ይኖራሉ።

የእናንተ ቦታ የትኛው ነው? ክብደታችሁን በኪሎ ለቁመታችሁ በሜትር አካፍሉ፤ የተገኘውን እንደገና ለቁመታችሁ አካፍሉ። ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ አይደለም፤ ከ25 በላይ ከሆነ አንብቡት። 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት 64 ኪሎ ላይ ስትደርስ 25ን ትነካለች። ሜትር ከሌላችሁ የልብስ ሰፊ መለኪያ ይበቃል። የወገብ ዙሪያ ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ቦርጩ ከመልክ ጉዳይነት አልፎ የጤና ጉዳይ መሆን ይጀምራል።

ደስ የሚለው፣ ለውጥ ለማየት የሠርግ ቀንን ቁመና መመለስ አያስፈልግም። ከክብደቱ 5 በመቶ የቀነሰ ሰው፣ ማለትም ከ80 ኪሎው 4 ኪሎ ያወረደ፣ በስኳሩና በደም ግፊቱ ላይ መሻሻል ማየት ይጀምራል።

ሻይ፦ ትንሽ ብርጭቆ፣ ብዙ ማንኪያ

ሰውነታችን የምንበላውንና የምንጠጣውን ሁሉ በኃይል ይመነዝረዋል። የኃይሉ መለኪያ ካሎሪ ይባላል። ከምናወጣው በላይ ካስገባን ትርፉ በስብ መልክ ይቀመጣል። ስኳር በግራም 4 ካሎሪ ይሰጣል፤ ስብ 9። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም፣ ማለትም 16 ካሎሪ ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ይዘን ወደ ሻያችን እንሂድ።

በብዙ ቤት አንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይገባበታል። «ሻይ ያለ ስኳር ምን ይሉታል?» የምንል ሰዎች ነን። ጠዋት አንድ፣ ረፋድ ላይ ሱቅ ውስጥ አንድ፣ ከዐስር በኋላ አንድ፣ ማታ አንድ ቢባል አሥራ ሁለት ማንኪያ ሆነ። 48 ግራም ስኳር፣ ወደ 190 ካሎሪ። በወር ሲሰላ አንድ ሰው ብቻውን ወደ 1 ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ስኳር በሻይ ጠጣ ማለት ነው። እንጀራ የቀነሰው ሰውዬ ይህን አልቀነሰም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከዕለታዊ ኃይላችን ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። 5 በመቶው ለአንድ አዋቂ 25 ግራም ገደማ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው። ማርና የፍራፍሬ ጭማቂም ከዚሁ ውስጥ ይቆጠራሉ።

በማንኪያ መቁጠር የሚሰለቸው ሰው ሌላ ቀላል መንገድ አለው። ቤታችሁ በወር ስንት ኪሎ ስኳር ይገባል? ለቤተሰቡ ቁጥር አካፍሉት። ለአንድ ሰው ከ750 ግራም በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከ1 ኪሎ ተኩል በላይ ከሆነ፣ ውጭ የሚጠጣው ሳይታከል፣ ከመጨረሻው ጣሪያም አልፋችኋል። በእንግዳ ብዛት የሚሳበብ አይጠፋም። እሺ፣ ለእንግዳ አንድ ኪሎ ቀንሱና እንደገና አስሉት።

ፈሳሽ ስኳርን ከሌላው ምግብ የከፋ የሚያደርገው ሆድ የማይቆጥረው መሆኑ ነው። 190 ካሎሪ በባቄላ ንፍሮ ወይም በእንጀራ ቢመጣ ጠግበን ከቀጣዩ ምግብ ላይ ትንሽ እንቀንሳለን። በሻይ ሲመጣ ግን አይታኘክም፣ ሆድ ውስጥም አይቆይም፤ ምሳው ላይ ምንም አንቀንስም።

ስኳሩን በአንድ ቀን ማቋረጥ ብዙም አይዘልቅም። ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ አንድ ማውረድ ይሻላል። ምላስ ይለምዳል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የድሮው ሻይ ራሱ ከልክ በላይ ይጣፍጥባችኋል። ቀረፋ፣ ሄልና ቅርንፉድ በዛ አድርጎ ማፍላትም ይረዳል።

ቡና ግን ጥፋት የለበትም። ስኳር ያልገባበት ስኒ ቡና ካሎሪው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም ቢጠጡ ችግር የለም። ችግሩ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ሲገባ ነው፤ ሦስቱን ዙር ለጨረሰ ሰው ስድስት ማንኪያ፣ ማለትም የቀኑ ድርሻ በአንድ ቡና አለቀ።

ቀሪቦ፣ ብርዝና አብሽ

የአልኮል መጠጥ በማይገባበት ቤት ሠርጉም፣ መውሊዱም፣ ዒዱም የሚደምቀው በቀሪቦና በብርዝ ነው። ወሎ ላይ ቀሪቦ የሌለበት የሙስሊም ድግስ ማሰብ ይከብዳል። አልኮል ስለሌለበት ግን አያወፍርም ማለት አይደለም።

አዘገጃጀቱን እናውቃለን። ገብሱ እስኪጠቁር ይቆላል፣ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ስኳርና እርሾ ይገባበታል፣ ያድራል። በማግስቱ ሲቀርብ ደግሞ «ጣዕሙ ቀነሰ» ተብሎ እንደገና ስኳር ይጨመርበታል። ገብሱ ቀለሙንና ሽታውን ነው የሰጠው፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ኃይል በአብዛኛው ከስኳሩ የመጣ ነው። ሲቀርብ በ5 ሊትር ውስጥ ግማሽ ኪሎ ስኳር ካለ አንድ መካከለኛ ብርጭቆ 25 ግራም ይይዛል። ይህም ከላይ ያየነው የሙሉ ቀን ድርሻ ነው። ድግስ ላይ አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ የሚነሳ ሰው ደግሞ አናውቅም፤ አስተናጋጇም አትለቅም። (በእግረ መንገድ፦ እርሾ የገባበት ቀሪቦ ቀናት በቆየ ቁጥር አልኮል ማበጀቱ አይቀርምና ማሰንበቱ ለዲንም ለጤናም አይመከርም። ዝርዝሩን ዑለሞችን ጠይቁ።)

ብርዝ ላይ ብዙ ሰው የሚከራከረው በሌላ መንገድ ነው። «ማር እኮ ሺፋእ ነው፤ በሱረቱ ነሕል ተነግሯል» ይላል። እውነት ነው፣ አልሐምዱ ሊላህ። መድኃኒት ግን በልክ ሲወሰድ ነው መድኃኒትነቱ፤ በማንኪያ የሚወሰድና በጆግ የሚቀዳ ለየቅል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ከ60 ካሎሪ በላይ አለው፤ አብዛኛው ስኳር ነው። «ስኳር ትቼ ሻዬን በማር ጀመርኩ» ያለ ሰው ጣዕሙን ቀየረ እንጂ የገባውን ኃይል እምብዛም አልቀነሰም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም ማር ደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ እንደሚያደርግ ማወቅ አለበት።

አብሽ ራሱ ጥሩ ነገር ነው፤ አሰር አለው፣ ሆድ ላይ ይቆያል። መራራነቱን ለማጥፋት የሚጨመርበት ስኳርና ማር ነው ጥቅሙን የሚበላው። ተዘፍዝፎ፣ መራራው ውሃ ተደፍቶ፣ ተመትቶ በሎሚ ቢጠጣ ስኳሩ በግማሽ ይቀንሳል።

ከወተት ወገን አሬራና አጓት ለዚህ ጉዳይ ከሚመረጡት ናቸው። ቅቤው ወጥቶላቸዋልና።

ለስላሳ፣ ጫትና ሌሊቱ

አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮካ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ሚሪንዳውም፣ ፋንታውም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ያን ጠርሙስ ለማካካስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጠን ብሎ መራመድ ይጠይቃል። ድሮ ለገበያ በእግሩ ይሄድ የነበረው ሰው ዛሬ በባጃጅ እየሄደ፣ ሲደርስ ደግሞ ለስላሳ ከፍቶ ሲቀመጥ ሒሳቡ ከሁለት ወገን ነው የሚዛባው።

ለስላሳና ጫት ደግሞ አይለያዩም። የጫትን ሸሪዓዊ ብይን ለዑለሞች ትተን ክብደት ላይ ያለውን ነገር ብቻ እንናገር። ጫት ርሃብ ያጠፋል፤ ስለዚህ ያቀጥናል የሚል እምነት አለ። ከሰዓት በኋላ ሲታይ እውነት ይመስላል፤ ቃሚው ምሳውን በቅጡ ሳይበላ ተቀምጧልና። ግን አጠገቡ ኮካ አለ፣ ስኳሩ የበዛ ሻይ አለ፣ ለውዝ አለ። ማታ ምርቃናው ሲበርድ የታፈነው ርሃብ ይመጣል። የቀኑ ትልቁ ምግብ ከሌሊቱ አራትና አምስት ሰዓት ላይ ይበላል፤ እንቅልፍም ይርቃል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ የምግብ ፍላጎቱ ይጨምራል፤ ርሃብን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ከፍ፣ ጥጋብን የሚያሳውቀው ዝቅ ይላልና። በየሳምንቱ ወዳጃ የሚቀመጡ ሰዎች ቢያንስ ከጎኑ የሚጠጣውን ወደ ውሃና ስኳር የሌለው ቡና ቢቀይሩ ልዩነቱን በወገባቸው ያዩታል።

ለውዝ ጤናማ ነው፤ ግን ግማሽ ክብደቱ ዘይት ነው። 100 ግራም ለውዝ ወደ 570 ካሎሪ ይሰጣል፣ ከአንድ ሙሉ ምሳ ጋር የሚስተካከል። በእፍኝ የሚቆጠርና ከሳህን ላይ እያነሱ ሲያወሩ የሚያልቅ ለውዝ አይገናኙም። ቆሎም ቢሆን ደረቅ እህል ስለሆነ ቀላል አይደለም። ከቡና ጋር የሚቀርበው ቁርስ ንፍሮ ቢሆን ውሃ ስለጠጣ በትንሹ ያጠግባል።

ፍራፍሬው ጠላት አይደለም፣ ጁሱ ነው

በፍራፍሬ ረገድ አላህ (ሱ.ወ) ሐብሩን አድሎታል። መርሳን ያለፈ መንገደኛ ሁሉ ብርቱካኑን፣ ማንጎውን፣ ፓፓያውን መንገድ ዳር ተደርድሮ ያያል። የግራናም መስኖ የሚያበቅለውን እናውቃለን። ክብደት ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ሀብት መሸሽ የለበትም። 100 ግራም ብርቱካን 47 ካሎሪ፣ ማንጎ 60 ገደማ ነው፤ ከቦንቦሊኖ ጋር የሚወዳደር እንኳ አይደለም።

ነገሩ የሚበላሸው ፍሬው ማሽን ውስጥ ሲገባ ነው። አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ለማውጣት ሦስት አራት ብርቱካን ይጨመቃል። አራት ብርቱካን ልጦ የሚበላ ሰው ሁለተኛው ላይ ይበቃዋል፤ አራቱን የሚጠጣው ግን በደቂቃ ጨርሶ «ምሳ ምን አለ?» ይላል። ጥጋብ የሚሰጠው አሰር ጭማቂ ቤቱ ውስጥ ቀርቷል፤ ስኳሩ ብቻ መጥቷል።

ከሁሉ የከበደው የአቮካዶ ጁስ ነው። አቮካዶ ራሱ በስብ የበለጸገ ፍሬ ነው፤ 100 ግራሙ 160 ካሎሪ ያህል አለው። ስቡ ለልብ የሚስማማ ዓይነት ነው፤ በሰላጣ ትንሽ ቆርሶ መብላት ያስመሰግናል። ጁስ ቤት ግን አንድ ትልቅ ብርጭቆ ለመሙላት 200 ግራም ያህል አቮካዶ ይገባል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይጨመራል፣ ከላይ ቪምቶ ይፈስበታል። ከ400 ካሎሪ በላይ ሆነ። «ዛሬ ምሳ አልበላም፣ ጁስ ብቻ ነው የምጠጣው» የሚሉ እህቶች ምሳ ከነመጠጡ ነው የጠጡት። ስፕሪሱም ልጁ ነው።

በዚህ ላይ ከዐረብ አገር የሚመጣው አለ። ከሐብሩና ከአካባቢው ስንት ወጣት ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገራት እንደሄደ ለዚህ አንባቢ አይነገርም። ልጆቻችን ለፍተው የሚልኩት ሻንጣ ሲከፈት ታንግ፣ ቪምቶ፣ ኒዶ፣ ቸኮሌት ይወጣል። የዱቄት ጁስ በአብዛኛው ስኳርና ማጣፈጫ ነው፤ ጣሳው ላይ የተሳለው ብርቱካን ውስጡ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኒዶ ሙሉ ስብ ያለው ወተት ስለሆነ ለከሳ ሕፃን ይጠቅም ይሆናል፤ ቦርጭ ላወጣ አባት ግን በሻይ ላይ በየቀኑ ሦስት ማንኪያ መጨመር ሌላ ነገር ነው። እናት ልጇ የላከችላትን ነገር አትጠጪ ማለት ይከብዳል። ለእንግዳ አስቀምጪው ማለት ግን ይቻላል።

ዘይቱና ቅቤው

ገበያ ላይ የምናገኘው የሚረጋ ዘይት የፓልም ዘይት ነው። ግማሹ ያህል ለልብና ለደም ሥር የማይመከር የስብ ዓይነት ነው። የሱፍ ዘይት ወይም የወይራ ዘይት የገዙ ሰዎች ለልባቸው ጥሩ አድርገዋል። ለክብደታቸው ግን ምንም አልቀየሩም፤ ዘይት ሁሉ፣ ርካሹም ውዱም፣ በግራም 9 ካሎሪ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ። ንጥር ቅቤም ያው ነው።

«እኔ ሽሮና ጎመን ብቻ ነው የምበላው» የሚል ሰው ወጡ እንዴት እንደተሠራ ይጠይቅ። ሽንኩርቱ በአንድ ጭልፋ ዘይት ከተቁላላ፣ ሽሮው ሲወርድ ቅቤ ጣል ከተደረገበት፣ ያ ሽሮ ከቀይ ሥጋ ቅቅል በብዙ ይበልጣል። ሽንኩርቱን በውሃ እያቁላሉ መጨረሻ ላይ ዘይቱን በማንኪያ ለክቶ መጨመር ጣዕሙን ብዙ አይጎዳውም። ዘይቱን ከጀሪካን በቀጥታ ማፍሰስ ግን የእጅ መለኪያ ነው፤ እጅ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ መብዛት ያደላል። ቤት ውስጥ ክብደት መቀነስ ያለበት ሰው አባወራው ከሆነ፣ እውነተኛው ሐኪም ወጥ የምትሠራው ሚስቱ መሆኗን አይርሳ፤ ምክሩን አብረው ቢሰሙ ይሻላል።

እንጀራስ?

እንጀራን ጥፋተኛ የሚያደርግ ምክር በስልክ መልእክት ሲዞር እናያለን። የቆላችን ምግብ ማሽላ ነው፤ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ግራና 1» እስከ መባል ደርሷል። ማሽላውም ጤፉም አሰር ያላቸው ሙሉ እህሎች ናቸው። ዱቄቱ ሳይነፋ የተጋገረ እንጀራ ከነጭ ዳቦ፣ ከፓስታና ከነጭ ሩዝ ይሻላል። «ከጤፍ ወደ ማሽላ ልቀይር?» ለሚለው መልሱ፣ በክብደት ጉዳይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ልዩነት የሚያመጣው ስንት ነው የሚለው ነው።

ትሪ ላይ አብሮ መብላት ሱና ነው፣ በረካም አለው፤ መጠኑን ለማወቅ ግን ያስቸግራል። እየበላን ወጥ ሲያልቅ ይጨመራል፣ እንጀራ ሲያልቅ ይጨመራል፣ የመጨረሻው ጉርሻ ደግሞ በግድ ነው። እንጀራውን ከመጀመሪያው ለክቶ ማቅረብ፣ ከወጡ ጎመን፣ ምስርና ሰላጣ ማብዛት፣ ቀስ ብሎ መብላት ይረዳል። ሆድ መጥገቡን ለአንጎል ለማሳወቅ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በማሳ ሲቆፍር የዋለ ገበሬና በሱቅ ወንበር ላይ የዋለ ነጋዴ ከአንድ ትሪ እኩል ከበሉ ገበሬው ያቃጥለዋል፤ ነጋዴው ያስቀምጠዋል።

ረመዷን ለምን አያቀጥንም?

ብዙ ሰው ረመዷን ሲመጣ «በዚህ ወር እንኳ እቀንሳለሁ» ይላል። ኒያው ለአላህ መሆኑ ሳይዘነጋ፣ ከሰውነት አንጻር ግን የጠበቀውን አያገኝም። በተለያዩ አገራት የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ጾመኛው በአማካይ የሚቀንሰው አንድ ኪሎ ያህል ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ከዒድ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ይመለሳል። ጨርሶ ጨምረው የሚወጡም አሉ።

ምክንያቱን ከኢፍጣር ሱፍራ ላይ እናገኘዋለን። በሦስት ቴምርና በውሃ ማፍጠር ጥፋት የለበትም፤ ሦስት መካከለኛ ቴምር 70 ካሎሪ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቪምቶ ወይም ታንግ፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳ፣ ቦንቦሊኖ፣ ሙሽበክ ይከተላል፤ ይህ ሁሉ እንደ መክሰስ ተቆጥሮ ከተራዊሕ በኋላ እራት ይበላል። ሳምቡሳው በውስጡ ምስር ቢሆንም ቂጣው በዘይት ውስጥ ዋኝቶ ነው የወጣው። ሙሽበክ ዱቄት፣ ዘይትና የስኳር ሽሮፕ ነው፤ ሦስቱ በአንድ ላይ።

የአል-አዕራፍ ሱራ 31ኛ አንቀጽ ብሉ፣ ጠጡ፣ ግን አታባክኑ የሚል መልእክት እንዳለው እናውቃለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሆድ ለሦስት እንዲከፈል፣ አንዱ ለምግብ፣ አንዱ ለመጠጥ፣ አንዱ ለትንፋሽ እንዲሆን ማስተማራቸውን ቲርሚዚ ዘግበውታል። ይህን በሱፍራው ላይ የምናደርገው እንዲህ ነው፤ በቴምርና በውሃ ማፍጠር፣ መግሪብ መስገድ፣ ከዚያ ሾርባና አንድ ሳምቡሳ፣ ቀጥሎ ዋናውን ምግብ በልክ። ሰላት በመሐል ሲገባ ሆድ የገባለትን ለመቁጠር ጊዜ ያገኛል። ሰሑርን መዝለል አይመከርም፤ ቅንጬ፣ ባቄላ ወይም እንቁላል የበላ ሰው በነጭ ዳቦና በጣፋጭ ሻይ ካሳለፈው ሰው የተሻለ ይዘልቃል። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይጀምር፤ በፈቃድ የሚጾሙት ሰኞና ሐሙስም ከዚህ ውጭ አይደሉም።

አራሷን ተዉአት

አራስ ቤት ገንፎው በቅቤ ይንሳፈፋል፣ አጥሚቱ፣ አብሹ፣ ብርዙ ይመላለሳል። ይህን ለማረም የሚቸኩሉ ሰዎች አሉ፤ እኛ አንቸኩልም። የምታጠባ እናት በቀን እስከ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ያስፈልጋታል፤ በወሊድ ደም የፈሰሳት ከሆነ ደግሞ ሰውነቷ መጠገን አለበት። ሕፃን በጡት ላይ እያለ ምግብ ማስቆም ለእናትም ለልጅም ጉዳት ነው። የሚያወፍራት 40ው ቀን አይደለም፤ ሕፃኑ ምግብ ጀምሮ፣ እየዳኸ፣ የአራሱ ገንፎና ጣፋጭ አጥሚት አሁንም በየጠዋቱ ሲቀጥል ነው። ያን ጊዜ ቅቤውን ከጭልፋ ወደ ማንኪያ ማውረድ፣ አጥሚቱን ያለ ስኳር መጠጣት ይበቃታል።

ሚዛኑ እንቢ ካለ

በስልክ የሚሸጠውን «የማቅጠኛ ሻይ» ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ። ብዙዎቹ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለባቸው። ሚዛኑ ላይ የሚቀንሰው ውሃ ነው፤ ስቡ ከነቦታው አለ። ሲደጋገም ሰውነት የሚያስፈልገውን ጨው ያጠፋል፣ አንጀትንም ያሰንፋል።

ስኳሩንና ዘይቱን በእውነት ቀንሶ፣ ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ምንም ለውጥ ያላየ ሰው ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። የእንቅርት ዕጢ መድከም አንዱ ነው፤ ብርድ ብርድ ማለት፣ ድካምና የሆድ ድርቀት አብረውት ይመጣሉ። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ለረጅም ጊዜ የሚሰጡ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች፣ ኢንሱሊን፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ በየሦስት ወሩ የሚወጋው የእርግዝና መከላከያም ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። እነዚህን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደጋ አለው። የሚወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዞ ጤና ጣቢያ መሄድና ለባለሙያው ማሳየት፣ ሚዛኑንም ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ልብስ መለካት ሥራውን ያቀለዋል።